የማስጫው ስምንተኛ ገመድ

ሬዊን ስትሩዘርስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። ቴ አናው በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ ካሉት እርሻዎች ልጆች እየለቀመች ትምህርት ቤት ማድረስ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት አልፏታል። ቁመቷ አጭር፣ ቁጣዋ ረጅም ነው። ወንበር ላይ ማስቲካ የለጠፈ ልጅ በገዛ ጥፍሩ ፍቆ ያነሳታል፤ አባቱ የፈለገውን ያህል ላም ይኑረው፣ እሷ ግድ የላትም። ባለፈው ኅዳር ስልሳ አንድ ዓመት ሞላት።

የአገሩ ሰው ግን ሬዊንን የሚያውቃት በአውቶቡሷ ብቻ አይደለም። ማስጫውን የጀመረች፣ ያልጨረሰችም ሴት ናት።

ማስጫው ከመኪና መንገድ የሁለት ቀን የእግር ጉዞ ርቆ፣ ከአንድ ጠባብ ሸለቆ መጨረሻ ላይ የተዘረጋ አንድ ወጥ ግራናይት ነው። ገደል አይደለም። ገደል ቢሆን ይሻል ነበር፤ ገደል ቢያንስ የሚጨበጥ ነገር አያጣም። ይሄኛው እንደ ጣሪያ ዘንበል ብሎ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ እንኳ ሳይኖረው አራት መቶ ሜትር ወደ ላይ ይነጉዳል። የሚወጣው በክንድ ሳይሆን በእግር ነው። የጫማን ላስቲክ አለቱ ላይ ጫን አድርጎ፣ ተረከዝን ዝቅ፣ ወገብን ከአለቱ ራቅ አድርጎ አምኖ መቆም ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። የፈራ ሰው አለቱን ሊያቅፍ ይጠጋል፣ የተጠጋ ሰው ደግሞ ይንሸራተታል። ማስጫ ብለው ስም ያወጡለት የድሮ አጋዘን አዳኞች ናቸው፤ ያወጡትም ለቀልድ ነው። እህል ቢሰጣበት በቅሎ ያድራል እንጂ አይደርቅም። እዚያ ሸለቆ ውስጥ ዝናብ ዘነበ ቢባል ማንም ቀና ብሎ አያይም፤ ዜና የሚሆነው ያቆመ ቀን ነው።

እኛ ተራራ ወጪዎች አለቱን የምንለካው በገመድ ነው። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከታች ገመዱን ይዞለት፣ ገመዱ ሲያልቅ ቆሞ ጓደኛውን ይስባል፤ ያ አንድ ገመድ ነው። ማስጫው ስምንት ገመድ ነው። ሬዊን የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ገና ካላገባችው ከኮሊን ጋር ሰባቱን ወጣች። ስምንተኛው ላይ አሥር ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ በመዶሻና በእጅ መሰርሰሪያ ስትታገል ቆይታ ገመድ የሚያልፍበት ቀለበት ያለው አንድ ብሎን አለቱ ውስጥ መታች። ከብሎኑ በላይ አራት እርምጃ ሄደች። አምስተኛው ላይ እግሯ ከዳት፣ ወደቀች፣ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ኮሊን ያን ሁሉ ገመድ ቀስ እያለ አወረዳት።

ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ተመልሳለች። አምስቱንም ጊዜ ብሎኑን አልፋ አራት እርምጃ ትሄድና ትቆማለች። ከፊቷ ያለውን ልሙጥ ነጭ አለት ታየዋለች፣ እሱም ያያታል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ትመለሳለች። መሸታ ቤት ውስጥ ሰው ሲጠይቃት «ፈርቼ ነዋ! ምን ይደረግ፣ ፈሪ ነኝ» ብላ ትስቃለች። ሌላው ሰው አብሯት ይስቃል። ኮሊን አይስቅም፤ ሳቋ ውሸት መሆኑን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እንዲህ እንዲህ ሲል ሠላሳ ስድስት ዓመት አለፈ። አንድ እሁድ ከሪቨርተን ከተማ ቲፔኔ የሚባል ጣሪያ ሠሪ መጣ። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ትከሻው በበር አያስገባውም። ጫማውን ደጃፍ ላይ አወለቀ፣ ባርኔጣውን በእጁ ያዘ፣ በሌላው እጁ በጨው የተደረገ የቲቲ ወፍ ሥጋ የሞላበት ባልዲ ተሸክሟል።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለ። ዘመዷ አይደለም፤ በቲፔኔ ወገኖች ዘንድ ታላቅ ሴት ሁሉ አክስት ናት።

«ባልዲውን ሳይ ገብቶኛል» አለችው ሬዊን። «ቀላል ነገር ቢሆን ብስኩት ነበር ይዘህ የምትመጣው። በል ቁጭ በልና ተናገር።»

«ማስጫው ስምንተኛው ላይ… አንድ ብሎን ልጨምር። አንድ ብቻ። መሃሉ ላይ።»

ኮሊን ሻይ እየቀዳ ነበር፤ እጁ እዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ የእኛን ወግ የማያውቅ ሰው ይገረም ይሆናል። ተራራው የሬዊን አይደለም፤ ዘበኛ የለው፣ በር የለው። ግን አንድ ሰው በጀመረው መንገድ ላይ ሌላው ሳያስፈቅድ ብሎን አይጨምርም። የዛገውን ነቅሎ በአዲስ መተካት ይችላል፤ ቲፔኔም አምና የሬዊንን ዝገታም ብሎኖች አስፈቅዶ ቀይሯል። መጨመር ግን ሌላ ነው። ጀማሪው ቢያረጅም፣ በምርኩዝ ቢሄድም ይጠየቃል። እምቢ ካለ እምቢ ነው፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ራሷ ያልወጣችውን ዘግታ፣ ሰውም እንዳይወጣው በሩ ላይ ልትቀመጥ ነው? እንዲህ ዓይነት ሰው ታውቃለች፤ በደንብ አድርጋም ትጠላለች። እሺ ብትል ደግሞ ያቺ አንዲት ብሎን አለቱ ላይ ለዘላለም ቆማ «እሷ ፈርታ ትታው ነው» እያለች ትመሰክርባታለች። ደሟ ፈላ። ሻይዋን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

«አንድ ጊዜ ልሞክር» አለች። «አንዴ ብቻ። ገመዴን የምትይዘው አንተ ነህ። ካልወጣሁ እዚያው፣ በዚያው ቀን ብሎንህን ትመታለህ። መሰርሰሪያህን ይዘህ ና።»

«አክስቴ፣ ስልሳ አንድ ዓመትሽ እኮ ነው።»

«የአለቱስ ስንት ነው? እሱን ምነው አላልከው?»

«ቲፔኔ፣ ተወው» አለ ኮሊን። «እኔ ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ተከራክሬያት አንድ ቀን እንኳ አልረታሁም። ይልቅ ሻይህን ጠጣ።»

ልምምዷን አውቶቡሶቹ ከሚያድሩበት ጀርባ ባለው የውሃ ገንዳ ላይ አደረገችው። ጎኑ ዘንበል ያለ ሲሚንቶ ነው። ከሥራ በኋላ የላስቲክ ጫማዋን ታጠልቅና እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ሽቅብ ቁልቁል ትላለች። ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው «ሬዊን ግድግዳ ላይ ወጥታለች!» እያሉ ይጮኻሉ። እሷም ግድግዳው ላይ እንደቆመች ዞር ብላ «አንተ ማክሌይ፣ የጫማህን ክር እሰር!» ትላለች።

ጥር ላይ ትምህርት ቤቱ ዝግ ሳለ ጉድ ተፈጠረ። ዝናቡ ቆመ። አራት ቀን ሆነ፣ ስድስት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ገበሬው ሰማይ ሰማይ እያየ ሲያማርር ሬዊን ቦርሳዋን አዘጋጀች። ኮሊን ዳሌው ተቀይሮ የብረት ሆኗል፤ አለት መውጣት ካቆመ ቆይቷል። ቢሆንም ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ። የሁለት ቀኑን መንገድ በሦስት ቀን አዘገሙት፤ ወንዝ እየተሻገሩ፣ ትንኝ እየበላቸው፣ ቲፔኔ የሦስቱንም ጓዝ ማለት ይቻላል ብቻውን ተሸክሞ። ከአለቱ ግርጌ ባለው ትልቅ ድንጋይ ሥር ኮሊንን ከአጉሊ መነጽሩና ከእጅ ሬዲዮው ጋር አስቀመጡት። ያልዘነበበት አሥራ አንደኛው ቀን ነበር።

ጎህ ሲቀድ ጀመሩ። ሰባቱን ገመድ እየተፈራረቁ ወጡ። ሬዊን እግሯን አምና፣ ሳትቸኩል፣ ደረጃ እንደምትወጣ ሴት ትሄዳለች። ቲፔኔ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ የሚውል ሰው ስለሆነ ከፍታ ጨርሶ አይሰማው፤ እያፏጨ ነው የሚወጣው። እኩለ ቀን ላይ የሰባተኛው ገመድ ጫፍ ደረሱ። ሁለት ሰው እንደ ምንም የምትይዝ እርከን ናት። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ኮሊን ነኝ። አንድ ኬያ መጥቶ ሳንድዊቼን ይዞብኝ በረረ። ደሞ እዚያ ዛፍ ላይ ቆሞ፣ እያየኝ ነው የሚበላው። እናንተስ እንዴት ናችሁ?»

«ከአንተ እንሻላለን» አለችው ሬዊን። ኬያ የሚባለው የተራራ በቀቀን ዘርፎት የማያውቅ ሰው እኛ ዘንድ የለም፤ ሳንድዊቹን ከድንጋይ ሥር መክተት ነበረበት።

ከዚያ ቀና አለች። ስምንተኛው ከራሷ በላይ ነው።

ብሎኑ ጋ በቀላሉ ደረሰች። ገመዷን በቀለበቱ አስገባች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ያው የድሮው ቦታ። ያው ነጭ አለት፣ እንደ ታጠበ ሳህን የሚያበራ። እዚህ ላይ ነው አምስት ጊዜ የተመለሰችው። «ዛሬ ግን አልመለስም» አለችና አምስተኛውን ረገጠች።

እግሯ ሸተት አለ። ቀጥሎ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነው፤ አለቱን በመዳፏ እየፋቀች፣ በእግሯ ወደ ኋላ እየሮጠች ወረደች። ቲፔኔ ገመዱን በሁለት እጁ እየሳበ ሰበሰበው። ብሎኑ ያዛት። ከብሎኑ ትንሽ ዝቅ ብላ ገመዷ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

«አክስቴ! አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ!» አለች። መዳፏ ተልጧል፤ ጉልበቷ ይደማል። ሕመሙ ግን እዚያ ላይ አልነበረም። ወሽመጧ ተቆርጧል። አንዴ ብላለች፤ አንዴው አለቀ። ፈርታ ስትመለስ ቢያንስ «ባልፈራ ኖሮ» የሚል ነገር ይቀርላት ነበር፤ አሁን እሱም የለም።

ብሎኑ ጋ ተመልሳ ቆመችና «በል መሰርሰሪያህን አውጣ» አለችው። «ቃሌ ቃል ነው።»

የመሰርሰሪያው ከረጢት ዚፕ ሲከፈት ሰማችው። እሱ ሲመጣ ቦታ እንዲያገኝ ብላ ወደ ቀኝ ጠጋ አለች፣ እንዳትወድቅም ቀኝ እጇን ዘርግታ አለቱ ላይ አሳረፈች።

ያሳረፈችው ጥቁሩ ላይ ነው።

ከነጩ ሁለት ሜትር ወደ ቀኝ፣ ከአለቱ አናት እስከ ታች የሚወርድ ሰፊ ጥቁር መስመር አለ፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው የሚወርድበት ነው። እኛ አገር ጥቁር አለት ማለት እርጥብ ማለት ነው፤ እርጥብ ማለት አልጌ፣ አልጌ ማለት ሳሙና። ልጅ ተራራ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነገረው «ጥቁሩን እንዳትረግጥ» የሚል ነው። ሬዊን ራሷ ስንቱን ጀማሪ እንዲህ እያለች ጮኻበታለች። ዝናብ የማያውቅ የበረሃ ሰው መጥቶ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ደረቅ ቀን ሄዶበት ነበር። እኛ ግን ጥቁር ካየን ዓይናችን ራሱ አልፎት ይሄዳል። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ እጁን አሳርፎበት አያውቅም።

የቆሰለው መዳፏ ፈጥኖ ነገራት። ደረቅ ነው። ደረቅ ብቻም አይደለም፣ እንደ ድመት ምላስ ሻካራ ነው። ውሃው ስንት ዘመን ለስላሳውን አጥቦ ወስዶ ጠንካራውን ፍሬ ፍሬውን ትቶታል። እጇን አነሳች፣ መልሳ አሳረፈች። ከዚያ እግሯን አሳረፈች። እግሯ ንቅንቅ አላለም።

ሳቋ መጣ።

«ቲፔኔ! ጥቁሩ ደርቋል!»

«ጥቁር ይደርቃል እንዴ?»

«እኔ እንጃ! ይሄኛው ደርቋል!» ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ግን አንዴ ብያለሁ። ብሎኑ የአንተ ነው። ከፈለግህ አሁኑኑ ና ምታው፤ አልቀየምህም።»

ቲፔኔ መሰርሰሪያውን አየው። ሦስት ቀን ሙሉ በጀርባው የተሸከመው ነው። ወደ ከረጢቱ መለሰና ዚፑን ዘጋው።

«አንዴ ያልሽው ነጩን ነው» አለ። «ስለ ጥቁሩ ማንም ምንም አላለም። ሂጂ፣ ይዤሻለሁ።»

ሄደች።

ከብሎኑ እስከ አለቱ አናት ወደ ሠላሳ አምስት ሜትር ይሆናል፤ መሃል ላይ ገመድ የሚታሰርበት አንድም ነገር የለም። ጫፉ ጋ ደርሳ ብትወድቅ ሰባ ሜትር ትንሸራተታለች፤ እግረ መንገዷንም ቲፔኔን አልፋው ትሄዳለች። ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ሌላ ነገር ማሰብ ነበረባትና የአውቶቡሷን ፌርማታዎች ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። ለእያንዳንዱ ፌርማታ አንድ እርምጃ።

«የወፍጮው ማዞሪያ። መንትዮቹ።» ግራ እግር። «ድልድዩ። ያቺ አልቃሻዋ።» ቀኝ እግር። «የወተት ጣቢያው። ማንም የለም፣ እለፊ።» ግራ።

ተረከዟን ዝቅ አድርጋለች። እጆቿ አለቱ ላይ ያርፋሉ እንጂ አይጨብጡም፤ የሚጨበጥ የለም። ፌርማታዎቹ ሲያልቁ የመልሱን ጉዞ ጀመረች። ሃያ ሜትር፣ ሃያ አምስት ሜትር። ቲፔኔ ከታች ማፏጨቱን ካቆመ ቆይቷል።

ሠላሳ ሜትር ላይ እርጥብ አገኘች። ከላይ ካለው ሣር ሥር የምትንጠባጠብ ውሃ ጥቁሩን መሃል ለመሃል ቆርጣው አልፋለች፤ አንድ ክንድ ታህል፣ የምታብለጨልጭ። ከእርጥቡ ወዲያ እንደገና ደረቅ ነው። መሻገር አለባት። ባቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«የማክሌይ በር» አለች።

የማክሌይ በር ላይ ሁልጊዜ ሁለት ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ልጁ ጫማውን ሳያስር ነው የሚመጣው። እዚህም ጠበቀች። ተረከዟን ይበልጥ ዝቅ አደረገች፣ ትንፋሿን ለቀቀች፣ ባቷ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ፈርታለች፤ እንዴት አትፈራም! ግን ፍርሃቱ አጠገቧ ቆሟል እንጂ እግሯን አልያዘውም። ግራ እግሯን አንስታ እርጥቡን ተሻገረችና ከማዶ አሳረፈችው። ክብደቷን አዛወረች። ያዘ።

«ግባ፣ በሩን ዝጋ» አለች፤ ቀኝ እግሯንም አሻገረች።

ከዚያ በኋላ አምስት ሜትር ናት። አለቱ ለጥ እያለ፣ ሣሩ እየቀረበ መጣ፤ ሁለት እጇን ሣሩ ውስጥ ሰደደችና በጉልበቷ ዳኸች። ትልቁ ድንጋይ ጋ ገመዷን አሰረች። ተነስታ ቆመች። አፏን ሞልታ ጮኸች።

«ወጣሁት!»

ሸለቆው ተቀብሎ ሦስቴ መለሰላት። እሷም አልበቃትም፣ ደግማ ጮኸች። ስልሳ አንድ ዓመት የሞላት፣ ጉልበቷ የሚደማ ሴት እንደ ሕፃን እየዘለለች ነው።

ቲፔኔ ተራው ደረሰ። የእሱ ገመድ አሁን ከላይ ስለተያዘ ቢንሸራተትም አይጎዳም። ብሎኑ ጋ ሲደርስ አንድ ሐሳብ መጣላት።

«ቲፔኔ፣ እስቲ ነጩን ሞክርልኝ!»

«ለምን?»

«ሞክርልኝ ብያለሁ!»

ሞከረ። እንደ እሱ ያለ አለት የሚወጣ ሰው በደሴታችን ላይ ብትፈልግ ስድስት አታገኝም። አራት እርምጃ ሄደ፣ አምስተኛው ላይ ሸተት አለ። ወደ ግራ ብሎ ሞከረ፣ ሸተት አለ። ጫማውን በሱሪው ጠርጎ፣ ተሳድቦ፣ በቁጣ ሞከረ። አሁንም ወረደ። መጨረሻ ላይ ወደ ጥቁሩ ተሻግሮ እያለከለከ ወጣና አጠገቧ ተዘረረ።

«አክስቴ፣ እሱ መስተዋት ነው» አለ። «የሚረገጥ ነገር የለውም። ብሎን ብመታም ኖሮ ብሎኑ ላይ ተንጠልጥዬ እቀር ነበር እንጂ አልወጣውም። ሰው የሚወጣው አይደለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጣሪያ ሠሪ ነኝ እኮ። የሚያቆመውንና የማያቆመውን አውቃለሁ።»

ሬዊን ሬዲዮውን ከደረቷ አወጣች። ሳትናገር ኮሊን ቀደማት።

«አይቼሻለሁ! በመነጽር አይቼሻለሁ! ጥቁሩ ላይ ምን ትሠሪያለሽ አንቺ? ልቤ ቀጥ ልትል ነበር! ወጣሽው እኮ! ሬዊን፣ ወጣሽው!»

«ኮሊን፣ ስማኝ።» «ነጩ ላይ መንገድ የለም። ቲፔኔ ሞከረው። አራት እርምጃ ነው፣ ከዚያ የለም። ኖሮም አያውቅም።»

ኮሊን ያን ቀን፣ የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ ገመዱን ይዞ ከታች ነበር። አምስቱንም ጊዜ ከታች ነበር።

«ታዲያ ፈሪ ነኝ፣ ፈሪ ነኝ ስትይ የኖርሽው…»

«አልነበርኩም» አለች ሬዊን። እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ ልትጠርገውም አልሞከረችም። «ኮሊን፣ እኔ እኮ ፈሪ አልነበርኩም።»

«እኔ ድሮም ነግሬሽ ነበር» አለ ኮሊን፤ ከዚያ አፍንጫውን ሲናፈጥ በሬዲዮው ተሰማ።